እኛ ስንከሳ የሚወፍሩት

ባለፈው ሳምንት አንድ የካምፓስ ጓደኛዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ርዕሱ «ኢኮኖሚ ሲወድቅ የሚነሱ 7 ቢዝነሶች» ይላል። የሚያወራው ሱፍ የለበሰና የእጅ ሰዓቱን ካሜራ ፊት የሚያወዛውዝ ልጅ ነው። ችግር ለሰነፍ ነው እንጂ ለብልህ ዕድል ነው ይላል። ምግብ፣ ጥገና፣ ያገለገለ ዕቃ፣ ብድር፣ ጨዋታና ውርርድ፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክ፣ ሥልጠና፤ እነዚህን በጣቱ እየቆጠረ «ሀገር ሲደኸይ እነዚህ ይበለጽጋሉ» ብሎ ፈገግ ይላል። ጓደኛዬ ከሥሩ «ብሮ አስብበት» ብሎ ጽፎልኛል።

አሰብኩበት። እንቅልፍ አጥቼ ነው ያሰብኩበት። ወገን፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ልጁ አልዋሸም። ምሳሌ ብሎ የጠራቸው ዎልማርትንና ማክዶናልድን ነው፣ ልክ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በባንክ ቀውስ ስትናጥ፣ ዳው ጆንስ በሚባለው መለኪያ ውስጥ ካሉት 30 ግዙፍ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋቸው ከፍ ብሎ ዓመቱን የጨረሱት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሬስቶራንት ይገባ የነበረው ሰው ሃምበርገር መብላት ጀመረ፣ ትልቅ መደብር ይገዛ የነበረው ርካሹ ጋ ሄደ። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ (አዎ ኢኮኖሚክስ፣ ሳቁ) ነገሩን ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። ገቢ ሲቀንስ ፍላጎታቸው የሚጨምር ዕቃዎች አሉ። መምህራችን ግራፍ እየሣለ ነበር የሚያስረዳን፤ ዛሬ ግራፍ አያስፈልገኝም። እኛ ቤት ከጥቂት ዓመት በፊት በወር ሁለቴም ቢሆን ሥጋ ይገባ ነበር፣ አሁን ሽሮ ከሰኞ እስከ ሰኞ ነው። ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጠው ሴትዮ በእኛ መቸገር ገበያዋ ደራ። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ይቅናት።

ግን ልጁ የዘለላት ነገር አለች። ያኔ ሥራውን ያጣ አሜሪካዊ ባዶ ኪሱን አይደለም ዎልማርት የገባው። የሥራ አጥነት ክፍያ ነበረው። ቀውሱ ሲከፋ መንግሥታቸው ጊዜውን እያራዘመ ሄዶ ሥራ አጥነት በበዛባቸው ግዛቶች እስከ 99 ሳምንት አድርሶታል። 99 ሳምንት! ሁለት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? እኛ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ሰው ከማንም አንድ ብር አይቆጠርለትም።

ታዲያ ሥራ የሌለው የኛ ሰው ኪስ ውስጥ ምን ይቀራል? ያረጀ ዕቃ፣ የዘመድ ገንዘብ፣ ተስፋ። ሌላ የለም። ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ በዚህ ክፉ ጊዜ እየደመቀ ያለው ቢዝነስ ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ሊወስድ የመጣ ነው። ያረጀ ዕቃችንን ጠግኖ የሚመልስልን አለ፣ እሱን እናቱ ትባረክ። የዘመዶቻችንን ገንዘብና ተስፋችንን የሚበላው ግን «ብልህ ነጋዴ» ተብሎ በቪዲዮ ሊወደስልን አይገባም። የኔ ክርክር ይሄው ነው።

«የምን ድቀት? በወረቀት ላይ እኮ ኢኮኖሚው እያደገ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መንግሥት ለ2016 ዓ.ም. 8.1 በመቶ ዕድገት ነው የመዘገበው፤ በመጽሐፍ ትርጉም ከሄድን ድቀት አይባልም። እሺ፣ ሌላ ስም እንስጠው። በኅዳር 2014 ፒቪኤች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አሳወቀ። ታኅሣሥ 2014 ላይ ከአጎዋ ወጣን። በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ሀገራችን የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ለዚህ ሁሉ የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት። እናቴ «ኑሮ» ብላ ነው የምትጠራው፣ እንደ ሰው ስም። «ኑሮ ገደለን።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

የተመረቅኩት በ2014 ነው። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ የሚባል ነገር ያየሁት ለአምስት ወር ብቻ ነው። የት መሰላችሁ? ቤቲንግ ቤት። ካሸር ነበርኩ። ዲግሪዬን አይቶ የቀጠረኝ ብቸኛው ቤት እሱ ነው፤ ባለቤቱ «ሒሳብ ትችላለህ ማለት ነው» አለኝ።

ከመስኮቱ ጀርባ ስትቀመጥ የሰፈርህን ኢኮኖሚ ከየትኛውም ሪፖርት በላይ ታነበዋለህ። እኔ ሰው የሚበዛው ደመወዝ በወጣ ሰሞን ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሚበዛው ደመወዝ ሊወጣ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ሰው ሲተርፈው አይደለም የሚቆርጠው፣ ሲጎድለው ነው። ለቤት ኪራይ 500 ብር የጎደለው ሰው 50 ብር ይዞ ይመጣል። ሊዝናና አይደለም የመጣው፤ ጉድጓድ ሊሞላ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

አንድ ፌሮ ሠራተኛ ነበሩ፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ የአባቴ እኩያ ናቸው። ሳይታቸው ሥራ ላይ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና ሃያ ብር ቆርጠው፣ ተሳስቀው ይሄዳሉ። ከዚያ ሕንፃው ቆመ። ብረቱም ሲሚንቶውም አልቀመስ ብሎ ባለንብረቱ ጥሎት ጠፋ። ጋሼ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ሥራ ሲቆም ደንበኝነታቸው ጨመረ! ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ «ይበለጽጋል» ያለው ይሄንን ነው። አንድ ቀን በመስኮቷ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው «አንተ የተማርክ ነህ፣ ዛሬ ማን ያሸንፋል?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምሁር ነኝ አይደል፣ «አርሰናል ነው ጋሼ፣ ይቁረጡት» አልኳቸው። 200 ብር ቆረጡ። አርሰናል አላሸነፈም። በማግስቱ መጥተው አንድም አልወቀሱኝም፤ «ኳስ ነው» ብለው ሌላ ቆረጡ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፣ ካምፓስ ያስተማረኝ ለዚህ ይጥቀም። እያንዳንዱ ጨዋታ ሃምሳ ሃምሳ ነው እንበል። እኩል ዕድል ላለው ጨዋታ ትክክለኛው ኦድ 2 ነው። ቤቱ ግን 2 አይሰጥህም፣ 1.90 ይሰጥሃል። ያቺ 0.10 ምንም አትመስልም። አሁን እንደምናውቀው አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ የለም፤ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረደራል። አሥሩም የመግባት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሐቀኛ ቢሆን የአሥር ብር ትኬት ስትበላ 10,240 ብር ሊከፍልህ ይገባ ነበር። 1.90ን አሥር ጊዜ ስታባዛው ግን የሚከፍልህ 6,130 ብር አካባቢ ነው። አርባ በመቶው ጨዋታው ሳይጀመር ተበልቷል። በዚያ ላይ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ተጥሎ ነበር፤ ይሄም ሲነሣ በአንድ ሺህ ትኬት አንዴ ለምትመጣ ዕድል እጅህ የሚገባው 5,200 ብር ገደማ ነው። ትኬቱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር የቤቱ ድርሻ ያድጋል። ለዚህ ነው ቤቶቹ ለረጅም ትኬት «ቦነስ» እያሉ የሚያባብሉህ። ለአንተ አዝነው እንዳይመስልህ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ተረት የተተረተው ለዚህ ትኬት ይመስለኛል አንዳንዴ።

ህሊናዬ ወቅሶኝ ሥራውን ለቀቅኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። የባለቤቱ የእህት ልጅ ከክፍለ ሀገር መጣና ቦታዬን ወሰደ። ባይመጣ እስካሁን እዚያው ነበርኩ። ይሄን የምነግራችሁ ከእናንተ የተሻልኩ መስዬ እንዳልጽፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው የተስፋ ገበያ ገባሁ፤ ሥራ ፍለጋ ወደሚባለው። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ጋ ቆማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋዜጣ በኪራይ የሚያስነብቡት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሲቪ የሚጽፈው፣ ጉርድ ፎቶ የሚያነሣው፤ ሁሉም ቀጥ ብለው የቆሙት በኛ ሥራ አጥነት ላይ ነው። በነሱ አልፈርድም፣ የሠሩትን ነው የሚያስከፍሉት። እኔ ወጪዬን ደብተር ላይ እይዝ ነበር። በአሥራ አራት ወር ለታክሲ፣ ለኮፒ፣ ለጉርድ ፎቶ፣ ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለካርድ 11,340 ብር አውጥቻለሁ። ሥራ ሳይኖረኝ። ከየት አመጣኸው ካላችሁኝ ከእናቴና ከእህቴ ነው። የዘመድ ገንዘብ ያልኳችሁ ይሄ ነው።

መርዙ የሚጀምረው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። የመመዝገቢያ 300 ብር ተቀብሎ «እንደውልልሃለን» የሚል ኤጀንት አለ። ሁለት ቦታ ከፍያለሁ፤ አንዱ ጋ ተመልሼ ስሄድ ክፍሉ ልብስ ስፌት ሆኗል። ቦታውን አውቀዋለሁ ብሎ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት «እጅ መንሻ» የሚጠይቅ ደላላ አለ። «አንተ ሁለት ሰው አምጣ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያምጡ» የሚል አዳራሽ ሙሉ ሰው አለ፤ ሁሉም ከረባት አድርገው ሁሉም ተበድረው የገቡ። ይሄኛውን እንኳ ሒሳቡ ብቻውን ያፈርሰዋል። ሁለት ሁለት እያሉ ሃያ ሰባት ደረጃ ቢወርዱ ከኢትዮጵያ ሕዝብ በላይ አባል ያስፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ሥልጠና አለ። 600 ብር ከፍዬ ገብቻለሁ፣ አልክድም። ሦስት ሰዓት አጨበጨብን። «ራሴን አምናለሁ» ብለን ጮኽን። ስወጣ ታክሲ አልነበረኝም፣ ከቦሌ እስከ ኮልፌ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ፦ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢዝነስ የነበረው ሰውዬው ብቻ ነው። የሱ ቢዝነስ ደግሞ እኛ ነን። ሥራ ቢኖረን ኖሮ ማን ያጨበጭብለት ነበር? ጓደኛዬ የላከልኝ ቪዲዮም መጨረሻው ላይ «ሙሉ ሥልጠናውን ለመግዛት» የሚል ቁጥር አለበት። ከሰባቱ ቢዝነሶች ሰባተኛው ራሱ ነው እኮ!

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትናንሾቹ ነው። ትልቁ ጅብ ማስታወቂያ አይሠራም፣ ቪዲዮም አይለቅም።

እናቴ ጡረታ ስትወጣ 40,000 ብር ባንክ ነበራት። በ2014 ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው። በዓመቱ መጨረሻ 42,800 ሆነላት፣ ደስ አላት። የዋጋ ንረቱ ግን ከ30 በመቶ በላይ ስለነበር በ40,000 ይገዛ የነበረው አስቤዛ 52,000 ብር ገብቷል። 9,200 ብር የት ሄደ? ሌባ አልገባ፣ ቤቱ አልተቃጠለ። ከሷ ገንዘቡን ተቀብሎ ባንኩ ያበደረው ሰው ጋ ነው የሄደው። ተበዳሪው የሚከፍለው ወለድም እኮ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። ተበድሮ ሕንፃ ከሠራ ሕንፃው ዋጋው ይንራል፣ ዕዳው ግን ባለበት ይሟሽሻል። ታዲያ ማነው የሚበደረው? መሬትና ቤት ማስያዝ የሚችል ነው። እናቴ ያላት የኮንዶሚኒየም ኪራይ ደረሰኝ ነው። እኔ ዲግሪዬን ላስይዝ ብል ይስቁብኛል።

እና ማነው በዚህ ዘመን ያተረፈው? የሽሮ ነጋዴዋ ናት ወይስ በጡረተኛ ቁጠባ ፎቅ የሠራው? ሐምሌ 2016ንም አስታውሱ። ምንዛሪው በተለቀቀ ማግስት በድሮ ዋጋ የገባ ዘይትና የድሮ ቆርቆሮ በአዲስ ዋጋ ተሸጠ። አንዳንድ ሱቅ ታሸገ፣ ዜና ተሠራበት። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ይዞ የቆየው ግን እንቅልፉን ተኝቶ ነው ያደረው። ዕቃ ያለው በአንድ ሌሊት ከበረ፣ ብር ብቻ ያለው በአንድ ሌሊት ከሰረ፣ ብርም ዕቃም የሌለው ደግሞ፣ እንደኔ ማለት ነው፣ የሚቀንስበት ስላልነበረው ዝም ብሎ አየ።

ደሃ ሁሉንም ነገር በውድ ነው የሚገዛው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሰፈራችን ሱቅ ሂዱና ዘይት እንዴት እንደሚሸጥ እዩ። አምስት ሊትር መግዛት የሚችለው በጀሪካን ይወስዳል። ያልቻለው በስኒ እያስለካ በፌስታል አስሮ ይሄዳል። በስኒ የገዛው ሰው ስኒዎቹ ሊትር ሲሞሉ ከባለ ጀሪካኑ በላይ ከፍሏል። ባለሱቁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በዱቤም የሚሰጠን እሱ ነው። ግን ገበያው እንዲህ ነው የተሠራው፤ ያነሰው ይጨምራል፣ የተረፈው ይቀነስለታል። አራጣውም የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። በወንጀል ሕጋችን አራጣ ወንጀል ነው፤ በየገበያው ግን ማን አራጣ እንደሚያበድር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ስለ መጨረሻው ገበያ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን ዳርቻ አብያን አካባቢ ተገለበጠች። አብዛኞቹ የኛ ልጆች ነበሩ። እነዚያን ልጆች እዚያ ጀልባ ላይ ያስቀመጣቸው ደላላ ከእያንዳንዳቸው ተቀብሏል። የተቀበለውም የነሱን አይደለም፤ የተሸጠ በሬ፣ የአባት መሬት ኪራይ፣ የእህት ከቤሩት የላከችው ብር ነው። በሊቢያ በኩል የሄደው ደግሞ ታግቶ ቤተሰቡ በስልክ ድምፁን እየሰማ ሰፈር ለሰፈር ይለመንለታል። አዋጅ 1178/2012 የሚባል ሕግ አለ፣ ሰውን መነገድና ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ። ሕጉ አለ፣ ደላላውም አለ። ኑሮ ሲብስ የደላላው ስልክ ይበልጥ ይጮሃል። ቪዲዮው «ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክ» ሲል ፈገግ ያለባት ቦታ ላይ ነው ስልኬን የወረወርኩት።

«ታዲያ ምን ይሠራ? ሁሉም ክፉ ነው እንዴ?» አይደለም። እንዲያውም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ መልካሞቹ አሉ፣ በዓይናችን ስር አሉ፣ ግን ማንም አያያቸውም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። የተጣለ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ቆርቆሮ መጥበሻ ይሆናል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ያ ሁሉ መዶሻ ሲቀጠቅጥ አንድ ዶላር ሳይጠይቅ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ስንቀልድበት አደግን፤ የሀገሪቱን ብረትና ፕላስቲክ መልሶ ወደ ሥራ የሚያስገባው ግን እሱ ነው። ልዋጭ የሚዞሩትም እንዲሁ። ኮሌታ የሚገለብጠው ልብስ ሰፊ፣ ሶል የሚቀይረው ጫማ ሰፊ፣ የሶማሌ ተራ መካኒክ፣ ከሰል የምትቆጥበውን ላቀች ምድጃ የሚሠሩት ሴቶች፤ እነዚህም በችግር ጊዜ ገበያቸው ይደራል። ልዩነቱ ምንድነው? አንተ ከነሱ ጋ ስትወጣ የሆነ ነገር ይዘህ ትወጣለህ። ጫማህ ክረምቱን ያልፋል። ከቤቲንግ ቤት ስትወጣ ወረቀት ይዘህ ነው የምትወጣው።

ደግሞ ማን እንደሚባረር ታዘቡ። መንገድ ዳር ጫማ የምትሸጠው ልጅ ደንብ አስከባሪ ስታይ ሸራዋን ጠቅልላ ትሮጣለች። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው «የከተማ ገጽታ አበላሸህ» ይባላል። ቤቲንግ ቤቱ ግን ፈቃድ ሰቅሎ፣ መብራት አብርቶ፣ ስሙን በትልቁ ጽፎ ይሠራል። ለመርፌና ለመዶሻ ቦታ ያልተገኘለት ከተማ ለውርርድ እንዴት ቦታ ተገኘለት? መልሱን ወረዳችን ይንገረን፣ እኔ ግምቴን ለራሴ ልያዘው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። በዚህ ገጽ የካቲት 23 ሲደርስ ዓድዋን እንለጥፋለን፣ ሁላችንም ባልቻ ሳፎ ነን። እሰይ፣ ያኩራን። ግን ከፖስቱ ሥር ኮሜንት ላይ «የዛሬ ሹር ትኬት ኢንቦክስ» የሚል ስንት ጊዜ አየሁ? ፕሮፋይሉ ላይ ባንዲራ፣ ኪሱ ውስጥ ትኬት። ይሄን ስታነቡ ስልካችሁ ላይ ያቺ የምትበረው አይሮፕላን ጨዋታ የተከፈተች ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔም ነበርኩበት፣ አትፈሩ፣ ግን አትዋሹ። ሀገር እወዳለሁ እያልን የእናታችንን የእቁብ ብር አሥር ጨዋታ ላይ የምንደረድር ከሆነ፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ እኛን ብልህ ደንበኛ ብሎ ነው የሚጠራን።

እኔ የጀመርኩት ትንሽ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ አለ፣ በአንድ ጠረጴዛ ስልክ ይጠግናል። አዲስ ስልክ መግዛት ሕልም ከሆነ ወዲህ ጠረጴዛው ፊት ሰልፍ አይጠፋም። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል ብዬ ሳስብ ለካ በሁለት ዓመት አንሶኝ ነው። «አስተምረኝ» አልኩት። «ዲግሪ ያለህ አይደለህ እንዴ?» አለኝና ሳቀ፣ ከዚያ ግን ወንበር አመጣልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስክሪን ማውለቅ ነው ያስጀመረኝ፤ ሁለት ሰብሬያለሁ፣ አንዱን ምሮኛል፣ የአንዱን እየሠራሁ እከፍላለሁ።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ነገ ከቤት ስትወጡ ከምታውቁት ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙና በዓይናችሁ የሚታዩትን ቤቲንግ ቤቶች ቁጠሩ። የቤቱን ስም አትጻፉ፣ ከማንም ጋር አትጣሉ፣ ባለሱቅም አትሳደቡ። ከተማውን፣ ክፍለ ከተማውንና ቁጥሩን ብቻ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። ከጎኑ ደግሞ በዚያው አካባቢ ስንት ጠጋኝ፣ ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ጫማ ሰፊ መቀመጫ እንዳለው ጻፉ። እስከ እሑድ ማታ እሰበስባለሁ። ሰኞ ጠዋት የእኛን ሰፈር ቁጥር ይዤ ወረዳ እገባለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ካለ 3 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ።